ለሶፋዋ ሾክ ፍለጋ

ባለቤቴ ሞተር ሳይክሏን የገዛት በተጋባን በስድስተኛው ወር ነው። በዚያን ጊዜ ሰቆጣ ውስጥ የነበሩት ሞተሮች ሁሉ የመሥሪያ ቤት ነበሩ፤ ቀጫጭን፣ ረጃጅም፣ ድንጋይ ላይ እንደ ፍየል የሚወጡ። የሱ ግን ሌላ ነበረች። ለመንገድ ሥራ መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ለራሱ መዝናኛ ያመጣት ናት። ዝቅና ረዘም ያለች፣ መሪዋ እንደ በሬ ቀንድ ተነሥቶ ወደ ነጂው የታጠፈ፣ ወንበሯ ሰፊ። ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የሚገዛት ሰው አጥቶ ባለቤቴን ለመነው። የተሠራችው ለአስፋልት ነው፤ አስፋልት ደግሞ ከእኛ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ይርቅ ነበር። ባለቤቴ ይህን እያወቀ ገዛት። የሰፈሩ ሰው ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ሶፋዋ» አላት፣ ስሟም በዚያው ጸና።

እኔ አስተማሪ ነበርኩ። ከወልድያ ተመድቤ የመጣሁበት ትምህርት ቤት ወደ ጎረቤታችን ወረዳ ወደ ዝቋላ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት በሞተር፣ ከዚያ የመኪናው መንገድ ሲያበቃ ግማሽ ሰዓት በእግር። ሰኞ ማለዳ ባለቤቴ ያደርሰኛል፣ ዓርብ ከሰዓት መጥቶ ይወስደኛል። እሱ የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ነው። ገበሬው «ሐኪም» ይለዋል፤ ፍየል ሲታመም፣ ላም መውለድ ሲያቅታት የሚጠራው እሱ ነው። የመድኃኒት ሳጥኑን ከጎን፣ የኔን የሳምንት ዱቄትና ሽሮ ከሌላው ጎን አስረን እንሄዳለን።

ሞተር የሚነዳ ሰው መንገዱን ያያል። ጉድጓድ ሲመጣ እጁን ያጠብቃል፣ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የነጂውን ጀርባ ነው፤ ጉድጓዱን የሚያውቀው ከደረሰበት በኋላ ነው። በተለይ ከክረምቱ ወዲህ፣ ድንጋይ በረገጥን ቁጥር ከሥሬ ብረት ከብረት ሲጋጭ እሰማለሁ። «ገጭ» ይላል፣ ከዚያ ወገቤ ውስጥ ይገባል። ቅሬታ አላሰማሁም። መንገድ ላይ መሆን ደስ ይለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ፤ እናቴ «እግርሽ ሥር እሳት የተጫረ ይመስላል» ትለኝ ነበር። የዚያች ሞተር መንጓጓት ከቤት መቀመጥ ይሻለኝ ነበር።

ባረገዝኩ በሦስተኛው ወር ፅንሱ ወረደብኝ።

የሆነው ዓርብ ቀን፣ ከትምህርት ቤት ከተመለስን በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ ያየችኝ ነርስ ደግ ሴት ነበረች። «ይህ ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም» አለችኝ። የሰፈሩ ሴቶች ግን ምክንያቱን ያውቁት ነበር። ሊጠይቁኝ ሲመጡ በሩ አጠገብ በቆመችው ሞተር በኩል ስለሚያልፉ ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው ይናገር ነበር።

ሊያስታምሙኝ ከሰቆጣ ዙሪያ የመጡት አማቴ ግን በአፋቸው ተናገሩት። አማቴ ከልጃቸው ጋር የሚነጋገሩት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ነው። ከኔ ጋር በአማርኛ ነው፤ አማርኛቸው ቁጥብ ስለሆነ አንድ ነገር ሲሉ ዙሪያውን አይሄዱም።

«ያ ብረት ነው» አሉኝ። «ነፍሰ ጡር እህል አይደለችም፣ በወንፊት አትነፋም።»

«እማ፣ ነርሷ እኮ አይታወቅም ብላለች» አልኳቸው።

«ነርሷ ከኋላው ተቀምጣ ታውቃለች?»

ባለቤቴ በማግስቱ ሶፋዋን ወደ ጓሮ ገፍቶ ሸራ አለበሳት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እስከዛሬ ሳስባቸው ያቁነጠንጡኛል። የሕመም ፈቃድ ነበረኝ። ተኝተሽ ቆዪ ተባልኩ፤ መተኛት አልቻልኩም። ተነሥቼ ዕቃ አጥባለሁ፣ የታጠበውን ደግሜ አጥባለሁ። አልጋውን ከግድግዳው ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ በሁለተኛው ቀን መለስኩት። ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ቁጭ ብዬ ሁለት ቃል ሳልናገር አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ብድግ እላለሁ። አማቴ አይተው አይተው አንድ ቀን ክንዴን ያዙና «የት ልትሄጂ ነው?» አሉኝ። የት ልሄድ እንደነበር እኔም አላውቅም።

ፈቃዴ ሳያልቅ ወደ ሥራ ተመለስኩ። በእግሬ። ማለዳ ከወጣሁ ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ፤ ዕድለኛ ስሆን የእህል መኪና ይጭነኛል። ባለቤቴ አንድ ሁለት ጊዜ አብሮኝ ሄዶ ነበር። ጎን ለጎን እየሄድን ብዙ አንነጋገርም። ቀድሞ በሞተር ስንሄድም አንነጋገርም ነበር፤ ያኔ ግን የሞተሩ ድምፅ ነበር ምክንያታችን።

በአንድ እሑድ ከቅዳሴ እንደተመለስን «ልሸጣት ነው» አለኝ።

«ለማን?»

«ኮረም አንድ ሰው አለ። ለጌጥ የሚፈልጋት።»

«ለምን?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ለምን ትይኛለሽ?»

«አዎ፣ ለምን ነው የምትሸጣት? ንገረኝ።»

ወደ ጓሮ ሄደ። ተከተልኩት። ሸራውን ገፎ የኋላዋን ከጉቶ ላይ አስቀመጣትና በመፍቻ አንዱን ሾክ ፈታው። ሾክ የሚባለውን ነገር ያኔ ነው በቅርብ ያየሁት። ከወንበሩ ሥር፣ ከኋላው ጎማ ግራና ቀኝ የሚቆሙ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱ ዘይት የያዘ ቱቦ ነው፣ በላዩ ወፍራም ሞላ ተጠምጥሞበታል። ሞላው የመንገዱን ምት ይቀበላል። ዘይቱ ደግሞ ሞላው ተመልሶ እንዳይፈናጠር ይይዘዋል። ባለቤቴ መሬት ላይ አቁሞ በክብደቱ ተጫነው። ያለ ምንም ትግል ወረደ፣ ሲለቀው እንደ ኳስ ተነሣ። ከዚያ ቱቦውን በጣቱ ጠረገና ጥቁር ቅባቱን አሳየኝ።

«ዘይቱ አልቋል» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ክረምቱ ሳይወጣ ያንጠባጥብ ነበር። ጎማው ላይ አይቼዋለሁ።»

«አልነገርከኝም።»

«እኔ ላይ ብዙም አይታወቅም ነበር» አለ።

ይህን ሲል ድምፁ ወረደ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። ፊት የተቀመጠው እሱ ነው፣ ብረቱ የሚጋጨው ከኔ ሥር ነው። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። በሩን ከፍቼ ወጣሁ፤ ከከተማው ወጥቼ እስከ ወንዙ ሄድኩ፤ ውኃውን አይቼ ተመለስኩ። ስመለስ እሱ እዚያው ጓሮ ተቀምጦ ነበር። ሁለተኛውንም ሾክ ፈትቶታል።

«አትሸጣትም» አልኩት። «አዲስ ሾክ ይገዛላታል። የምገዛው እኔ ነኝ።»

«አንቺ ስለ ሾክ ምን ታውቂያለሽ?»

«ካንተ የበለጠ አውቃለሁ። ስቀመጥበት የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ቢያንስ አብሬሽ ልሂድ አለ፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት የከብት ክትባት ዘመቻ ስለነበር ከሥራ ሊቀር አልቻለም። ልጠብቀው እችል ነበር። መጠበቅ ግን ከሁሉ የባሰው ነገር ነበር። ከትምህርት ቤት የጥቂት ቀን ፈቃድ ለምኜ ሁለቱን ሾኮች በጆንያ ጠቅልዬ ወደ መቀሌ ተነሣሁ።

እስከ ኮረም በጭነት መኪና፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው። ጆንያውን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር፤ የቀረ ዘይት ወጥቶ ቀሚሴን አበላሸው። አንድ ኬላ ላይ ጠባቂው አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ጆንያውን በእጁ ዳበሰና ፊቱ ተለወጠ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሞተር ሾክ።»

ፈትቼ አሳየሁት። አንዱን አውጥቶ ወዲያ ወዲህ አገላበጠው። «ባልሽ የት አለ?» አለኝ።

«ከብት እየከተበ ነው።»

ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ መለሰልኝና ጎኔ የተቀመጡትን ሽማግሌ «ቦታ ልቀቁላት፣ ዕቃዋ ይቆሽሽባታል» አላቸው።

መቀሌ እንደገባሁ ማረፊያ እንኳ ሳልይዝ የመለዋወጫ ሱቆች ወዳሉበት ሄድኩ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። የሁለት ቀን መንገድ የመጣ ሰው አንድ ሌሊት ቢያድር ምን ይሆናል? ግን እጄ ባዶ ሆኖ ማደር አልቻልኩም። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ አንድ ወጣት ነጋዴ አሮጌዎቹን አይቶ ሳቅ አለና ከመደርደሪያው አንድ ጥንድ አወረደ። እንደ መስተዋት ያበራሉ።

«የሞተሯን ኦርጅናል ብትፈልጊ አገሩ ድረስ ካልሄድሽ አታገኚውም» አለኝ። «ይሄ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ነው። ግን ይገጥማል።»

«እንዴት አወቅህ?»

የአሮጌውን የብሎን ቀዳዳና የአዲሱን ቀዳዳ ጎን ለጎን አሳየኝ። «አንድ ናቸው። ደግሞ ያምርባታል።»

እጄ ውስጥ ከባድ ነበር፣ ቀዝቃዛና ንጹሕ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር የጨረስኩ መሰለኝ። ገዝቼ ወጣሁ።

ማረፊያ ክፍሌ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጬ አዲሱንና አሮጌውን ግድግዳው ጋ አቆምኳቸው። አዲሱ ይረዝማል። ጣቶቼን አጋድሜ ለካሁት፤ ሁለት ጣት ተኩል። አሮጌው ተዳክሞ ይሆናል ብዬ ላይና ታቹን ይዤ ሳብኩት፣ አልረዘመም። መርዘሙ ክፉ ይሁን ደግ አላውቅም ነበር። ተነሣሁና ወደ ሱቁ ሮጥኩ፣ ተዘግቷል። ተመለስኩ። እንደገና ለካሁ። ያው ሁለት ጣት ተኩል ነው።

ጠዋት ነጋዴው ሱቁን ሲከፍት በሩ ላይ አገኘኝ።

«መርዘሙማ ጥሩ ነው» አለኝ። «ሰቆጣ አይደል የምትሄጂው? ዝቅ ያለች ሞተር ናት ብለሻል። ከድንጋዩ ከፍ ያደርጋታል።»

ነገሩ ልክ ይመስላል። ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ትናንት «ይገጥማል» ሲለኝ ዝም ብዬ ስላመንኩት በድጋሚ ማመን ከበደኝ። «ሞተር የሚሠራ ሰው አለ እዚህ?» አልኩት። በአገጩ ከመንገዱ ማዶ አንድ የቆርቆሮ መጠለያ አሳየኝ።

ከመጠለያው ሥር አንድ ሽማግሌ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ሰንሰለት ያጥባሉ። ጆንያዬን ዘርግቼ አራቱንም ሾኮች ደረደርኩላቸው። እጃቸውን ጠረጉና አሮጌውን አንሥተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ቀና ብለው «ከኋላ ማን ነው የሚቀመጠው፣ ጓለይ?» አሉኝ። በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

«እኔ።»

«ታዲያ አንቺ መምጣትሽ ደግ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የጠየቁኝን ሁሉ አስታውሳለሁ፣ ማንም እንደዚያ ጠይቆኝ አያውቅምና። መንገዱ ጠጠር ነው ወይስ አለት? ዳገቱ ይበዛል ቁልቁለቱ? ባልሽ ብቻውን ስንት ቀን ይነዳል፣ ካንቺ ጋርስ? ምን ትጭናላችሁ? እሱ ስንት ኪሎ ነው? አንቺስ? እኔ ከሠርጌ ወዲህ ተመዝኜ አላውቅም ነበር። ከጎናቸው ወዳለው የእህል መጋዘን ወስደው የጤፍ ሚዛን ላይ አቆሙኝ። ከሠርጌ በፊት ከነበረኝ ስድስት ኪሎ ጎድያለሁ። ሚዛኑ ላይ ቆሜ ቁጥሩን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ጆንያዎቹ አዙረው እስክወርድ ጠበቁኝ።

የሚያበሩትን ሾኮች በሚመለከት ነጋዴው ግማሹን ብቻ እንደነገረኝ አስረዱኝ። «ከፍ ያደርጋታል፣ እውነት ነው። ግን ከፍ የሚለው ኋላዋ ብቻ ነው። ቂጧን አንሥታ አፍንጫዋን ትደፋለች። ሰንሰለቱ ብረቱን ይታከካል። ስትቆም ወደ ጎን አብዝታ ስለምታዘነብል ነፋስ ይጥላታል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ አንቺ ከወንበሩ ተንሸራተሽ ባልሽ ጀርባ ላይ ትወድቂያለሽ።»

የእኛ መንገድ ግማሹ ቁልቁለት ነው።

«ርዝመቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን» አሉ። «ከርዝመቱ ቀጥሎ የሚመረጠው ሞላው ነው። ቀጭን ሞላ ለአንድ ሰው ነው፤ ሁለት ስትሆኑ ይተኛል፣ ያኔ ብረት ለብረት ነው። ወፍራሙ ለሁለት ሰውና ለጭነት ነው፤ ባልሽ ብቻውን የሄደ ቀን ወገቡን ይመታዋል።»

«ሁለቱንም የሚችል የለም?»

«ሁለቱንም አሳምሮ የሚችል የለም። ሁለቱንም በመጠኑ የሚችል አለ፤ ሞላውን የሚያጠብቅና የሚያላላ ቀለበት ያለው። ግን ባልሽ ሰነፍ ከሆነ ቀለበቱን አያዞርም።»

«እኔ አዞረዋለሁ» አልኳቸው።

ተነሥተው ከኔ ጋር ወደ ነጋዴው ተሻገሩ። በትግርኛ ጥቂት ተነጋገሩ፤ መጀመሪያ ልጁ ተከራከረ፣ ኋላ ትከሻውን ነቅንቆ ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ካርቶን አወጣ። ጥቁር ጥንድ ነበር፣ ምንም የማያምር። ከሞላው ሥር አምስት ጥርስ ያለው ቀለበት አለው። ሽማግሌው ከአሮጌው ጎን አጋደሙት፣ ልክ ሆነ። ድንጋይ ላይ አቁመው እኔን ተጫኚው አሉኝ። በሁለት እጄ፣ በሙሉ ኃይሌ ተጫንኩት፤ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ስለቀው ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ይሄ እያለ ለምን ያንን ሰጠኸኝ?» አልኩት ነጋዴውን።

«ማንም ይሄን አይጠይቅም» አለ። ቅር ሳይለው ለወጠልኝ።

ወደ መጠለያው ስንመለስ ሽማግሌው የቀለበቱን አዟዟር ሲያሳዩኝ ከአፌ አመለጠኝ። ለእናቴ እንኳ ያላነሣሁትን ነገር ነው የጠየቅኳቸው።

«አባ፣ መንቀጥቀጡ ፅንስ ያወርዳል?»

እጃቸው ቆመ። ጨርቃቸውን አንሥተው ጣታቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ።

«እኔ የማውቀው ብረት ነው፣ ጓለይ» አሉ። «ብረት ለምን ተሰበረ ብለሽ ብትጠይቂኝ እነግርሻለሁ። ይሄን ግን አዎ ብዬሽም አይደለም ብዬሽም ብሳሳት ዕድሜ ልክሽን ትሸከሚዋለሽ። አላውቅም።»

የማያውቀውን አላውቅም ያለ ሰው ሳገኝ በዚያ ሁሉ ጊዜ እሳቸው የመጀመሪያው ነበሩ። ነርሷም ያንኑ ብላኝ ነበር፤ ግን ያን ቀን ለመስማት ጆሮ አልነበረኝም።

ሰቆጣ ስደርስ ባለቤቴ ከክትባት ተመልሶ ነበር። ካርቶኑን ከፍቶ ሾኮቹን አገላብጦ አየ፤ ርዝመታቸውንም ከአሮጌዎቹ ጋር አስተያየ። ስለሚያበሩት ጥንድ አልነገርኩትም፤ የነገርኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ገጠማቸው። ቀለበቱን ግን እኔ አዞርኩት፤ ለሁለት ሰውና ለጭነት አራተኛው ጥርስ ላይ። አማቴ ከበሩ ሆነው ያዩናል። ሶፋዋ ከጉቶው ወርዳ በራሷ ስትቆም «ቆመች» አሉ፣ ወደ ውስጥ ገቡ።

ሰኞ ማለዳ ጉዞ ጀመርን። ተአምር አልነበረም። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ድንጋዩ ሲመጣ ያነሣኛል፣ ያስቀምጠኛል። ብረቱ ግን አልተጋጨም። ያን ድምፅ ስጠብቅ ትከሻዬን ወደ ላይ ሰቅዬ ስለነበር ከከተማው ከወጣን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ያወረድኩት። ባለቤቴ ደግሞ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነበር የሚነዳው። አህያ የጫኑ ሰዎች ቀደሙን። አንዱ ዞር ብሎ «ሐኪም፣ ነዳጅ አለቀ እንዴ?» አለው።

«ፍጠን» አልኩት በጆሮው።

አልፈጠነም። ጀርባውን መታ መታ አደረግኩት። ዳገቱ አናት ላይ ሲደርስ ጥግ ይዞ አቆመና ሞተሩን አጠፋው። ሳይዞር፣ ፊት ለፊቱን እያየ ተናገረ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ባልናገርም ሁልጊዜ የማስበው እሱን ነው። ዘይቱን ሳይ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።»

«መንገር ነበረብህ» አልኩት። «የቀረውን ግን አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም።»

«እናቴ ታውቃለች።»

«እሳቸውም አያውቁም።»

ከሞተሯ ላይ ሳይወርድ አለቀሰ። እኔ እጄን ወገቡ ላይ ጠምጥሜ ስለነበር ሲያለቅስ በእጄ አወቅኩት እንጂ አላየሁትም። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ እንደ ቀድሞው ነዳ።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አረገዝኩ። የሶፋዋን ነገር ማን እንደሚያነሣ ሁላችንም ስንጠባበቅ አማቴ ቀደሙ። የመጡት ጠባቸውን ይዘው ሳይሆን ጆንያቸውን ይዘው ነው።

«አንቺ ቤት ቁጭ አትይም» አሉኝ። «ያንን አውቄዋለሁ። ብረቱ ላይም አትወጪም። ስለዚህ እኔ እዚያ እመጣለሁ።»

«የት እማ?»

«ትምህርት ቤትሽ።»

እውነታቸውን ነበር። በትምህርት ቤቱ አጠገብ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ አምስት ወር ከኔ ጋር ኖሩ። ዓርብ ዓርብ መመላለስ ቀረ። ባለቤቴ ብቻውን እየነዳ ይመጣል፤ ለሱ ቀለበቱን ወደ ሁለተኛው ጥርስ አላልቼለታለሁ። አማቴ ከመንደሩ ሴቶች ጋር በኽምጣኛ ሲያወሩ ይውላሉ፤ እኔ ሁለት ዓመት ተኩል አስተምሬ ስማቸውን የማላውቃቸውን ጎረቤቶች እሳቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እስከ አያታቸው ዘረዘሯቸው። ከክፍል ስወጣ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ያዩኛል። «በይ ነይ» ይሉኛል፤ እስከ ጉድጓዱ ውኃ ድረስ አብረን እንሄዳለን፣ እንመለሳለን። ዝም ብለው መቀመጥ እሳቸውም እንደማይችሉ ያወቅኩት ያኔ ነው። በወጣትነታቸው በድርቅ ጊዜ ልጅ አዝለው እስከ ኮረም በእግራቸው እንደሄዱና እንደተመለሱ፣ በመንገዱ ላይ አንድ ልጅ እንደቀበሩ የነገሩኝም በዚያ መንገድ ላይ ነው። ስለ ሟቹ ልጅ አልቅሰው አልነበረም የነገሩኝ። «ምክንያቱን ፈልጌ ነበር» አሉኝ። «ሰው ምክንያት ካላገኘ አያርፍም። እኔ ባንቺ ብረት ላይ ጣልኩት።»

ይቅርታ የሚለውን ቃል አልተጠቀሙም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

በስምንተኛው ወር ወደ ሰቆጣ የወረድኩት እስከ መኪናው መንገድ በበቅሎ ነው። የዚያች በቅሎ አረማመድ ከሶፋዋ የባሰ ነበር፤ አማቴ ከጎኔ ልጓሙን ይዘው እየሄዱ አንዴ ቀና ብለው ሲያዩኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከመንገዱ ላይ የመሥሪያ ቤት መኪና ተገኘልኝ። ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ደህና፣ ድምፀ ጎላ።

ልጅቷ ዓመት ሲሞላት ዝውውር ጠይቄ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሁሉም ደስ አለው፤ እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ሰኞ ማለዳ ከማንም በፊት ነቅቼ የሌለ ጓዝ እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤት ከደወሉ በፊት ደርሼ ባዶ ክፍል ውስጥ እዞራለሁ። ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ የቤቱ ግድግዳ ይጠብበኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ባለቤቴ ግን አየው።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ምንም ሳይለኝ ሶፋዋን ከጓሮ አወጣት። ያለ መድኃኒት ሳጥን፣ ያለ ዱቄት። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። አማቴ ልጅቷን አቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

«የት ነው?» አሉ።

«የትም» አላቸው ልጃቸው።

«የትም ማለት የት ነው?»

«የትም አንሄድም እማ» አልኳቸው። «እንዲሁ መንገዱን ነው።»

ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። ልጅቷ ወደኔ ለመምጣት ስትንጠራራ እጇን ያዙ።

«የትም ከሆነ ቅርብ ነው» አሉ። «ሂዱ፣ ቶሎ ተመለሱ።»

ወደ ኮረም በሚወስደው መንገድ ወጣን።